የሶሻል ወርክ የመጀመሪያ ዲግሪ ታሪክ፤ አራት ዓመት በዛ ወይስ አነሰ?

ባለፈው የክረምት ዕረፍት ወደ ወላጆቼ አገር በሄድሁ ጊዜ አንድ የጎረቤታችን ሽማግሌ በዩኒቨርሲቲ ምን እንደምማር ጠየቁኝ። ሶሻል ወርክ ነው አልኋቸው። ቃሉ እንግዳ ስለ ሆነባቸው፥ ወላጅ ያጣ ሕፃን፥ ጧሪ የሌለው አረጋዊ፥ ቤተ ሰቡ የተበተነበት ሰው በምን መንገድ ሊረዳ እንደሚገባው የሚጠናበት ትምህርት ነው ብዬ አስረዳኋቸው። ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ጠየቁኝ፤ አራት ዓመት መሆኑን ነገርኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፥ «ታዲያ ልጄ፥ ለተቸገረ ማዘን አራት ዓመት ሙሉ ትምህርት ያስፈልገዋልን?» አሉኝ። በዚያ ቀን የሰጠኋቸው መልስ እርሳቸውን ቀርቶ ራሴንም ያላጠገበ ነበር።

ወደ ትምህርቴ ተመልሼ የሙያውን ታሪክ ስመረምር ግን ጥያቄው የሽማግሌው ብቻ አለመሆኑን ተረዳሁ። በአሜሪካ አገር በታላቅ ጉባኤ ላይ ተነሥቶ ሊቃውንቱን ብዙ ያነጋገረ ጥያቄ ነው። ይበልጥ የሚያስገርመው ደግሞ፥ ጥቂት ቆይቶ የሙያው መምህራን ራሳቸው ተቃራኒውን ማለታቸው ነው። አራት ዓመት በዛ ሳይሆን አነሰ፤ በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ የተመረቀ ሰው ሶሻል ወርከር ሊባል አይገባውም አሉ። ይህ ክርክር ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቷል። በዚሁ ዲግሪ ለመመረቅ የምንማር ሁሉ፥ ዲግሪያችንን ማን እንደ ነቀፈውና ማን እንደ ደገፈው ብናውቅ የሚጎዳን አይመስለኝም። ክርክሩ በዋናው የተካሄደው በአሜሪካ ስለ ሆነ የጽሑፉም አብዛኛው ክፍል በዚያ ላይ ያተኮረ ነው፤ ወደ አዲስ አበባ የምንመጣው ወደ መጨረሻው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በአገራችን ልማድ መጽዋች ተቀባዩን አይመረምርም። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለተቀመጠ የኔ ቢጤ ሳንቲም የሚሰጥ ሰው፥ ልጆችህ የት ናቸው፥ ገንዘቡንስ ምን ታደርግበታለህ ብሎ አይጠይቅም። ሰጥቶ ያልፋል፤ ተቀባዩም መርቆ ይሸኘዋል። በ1869 በለንደን፥ በ1877 ደግሞ በአሜሪካ በበፋሎ ከተማ የተቋቋሙት የምጽዋት አስተባባሪ ማኅበሮች የያዙት መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነው። እነርሱ እንዳሉት፥ ያለ ምርመራ የሚሰጥ ምጽዋት ድኻውን ከድኽነቱ አያወጣውም። ስለዚህ ወደየቤቱ ጎብኚ ይልኩ ነበር። ጎብኚዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ የማይቀበሉ፥ ኑሮአቸው የተደላደለ ሴቶች ሲሆኑ፥ የቤተ ሰቡን ቁጥር፥ ገቢውን፥ ዘመዶቹንና ጠባዩን ጠይቀው በመዝገብ ይጽፉ ነበር። ጠባዩ ያላማራቸውን «የማይገባው ድኻ» ብለው የሚተዉበትም ጊዜ ነበር። በዚህ ረገድ የኛ አገር መጽዋች የተሻለ ጨዋነት ያለው ይመስለኛል። ነገር ግን ከዚያ መዝገብ አንድ ጠቃሚ ነገር ወጥቷል። የአንዱን ቤት ችግር ከሌላው ቤት ችግር ጋር አስተያይቶ ምክንያቱን መፈለግ የተጀመረው በመዝገቡ ምክንያት ነው።

ሌሎች ደግሞ ጎብኝቶ መመለስ አይበቃም፥ ከድኻው ሰፈር ገብቶ መኖር ያስፈልጋል አሉ። በ1884 በለንደን ቶይንቢ ሆል ተከፈተ፤ እርሱን አይታ የተመለሰችው ጄን አዳምስ ከጓደኛዋ ከኤለን ጌትስ ስታር ጋር በ1889 በቺካጎ ሀል ሐውስን አቋቋመች። ሰፈሩ ከአውሮጳ የመጡ ስደተኞች ተጨናንቀው የሚኖሩበት ነበር። በሀል ሐውስ የነበሩት ሴቶች የሰፈሩን ኑሮ ቤት ለቤት አጥንተው በ1895 ከካርታ ጋር በመጽሐፍ አሳተሙ። በዚያው ዓመት ጄን አዳምስ የቀበሌዋ የቆሻሻ ተቆጣጣሪ ሆና ተሾመች፤ ማለዳ ተነሥታ የቆሻሻ ጋሪዎችን ተከትላ ትዞር ነበር። ኮሌጅ የተማረች፥ ከባለጸጋ ቤት የተወለደች ሴት ከጋሪ ኋላ መሄዷ ብዙዎችን አስገርሟል። እርስዋ ግን የሕፃናቱ ሞት ከቆሻሻው ጋር የተያያዘ መሆኑን ስላየች፥ ለእናቶቹ ምክር ብቻ ሰጥቶ መመለስን አልፈለገችም።

እንግዲህ በአንድ ወገን ግለሰቡንና ቤተ ሰቡን መርምሮ መርዳት፥ በሌላው ወገን ሰፈሩንና ሕጉን ማሻሻል፥ ሁለቱም ሥራ ሆነው ተገኙ። ሥራ ካለ ሠራተኛ ያስፈልጋል፤ ሠራተኛም ካለ የሚያስተምረው ሰው መፈለጉ አይቀርም።

ትምህርት ቤት ይቋቋም የሚለውን ሐሳብ አጠንክራ ያቀረበችው ሜሪ ሪችመንድ ናት። በ1897 በቶሮንቶ በተደረገው የበጎ አድራጎት ጉባኤ ላይ፥ ልምድ ያላቸው ሠራተኞች ዕውቀታቸውን ለጀማሪዎች የሚያስተላልፉበት ትምህርት ቤት እንዲከፈት ጠየቀች። የዚህች ሴት ታሪክ ለኛ ልዩ ትርጕም አለው። ሜሪ ሪችመንድ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ አልተማረችም። በጸሐፊነት ስትሠራ ቆይታ በ1889 ወደ ባልቲሞር የምጽዋት አስተባባሪ ማኅበር የገባችው በረዳት ገንዘብ ያዥነት ነው። ስለ ሙያው ትምህርት አጥብቃ የተናገረችው ራሷ ዲግሪ የሌላት ሴት ናት ማለት ነው። ስሚዝ ኮሌጅ በክብር የማስተርስ ዲግሪ የሰጣት በ1921 ነው።

ጥያቄዋ ብዙ አልዘገየም። በ1898 የኒው ዮርክ ማኅበር የስድስት ሳምንት የክረምት ትምህርት ከፈተ። በሚቀጥለው ዓመት በሆላንድ በአምስተርዳም የሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ተቋቋመ። የኒው ዮርኩም በ1904 ወደ አንድ ዓመት ትምህርት አደገ፤ ዛሬ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የሚባለው ይኸው ነው። በስድስት ሳምንት የተጀመረው ነገር በስድስት ዓመት ውስጥ ወደ አንድ ዓመት መድረሱን ልብ ይሏል። በዚያን ጊዜ ስለ ዲግሪ የሚያነሣ አልነበረም፤ የሚፈለገው ወደ ቤት ገብቶ መጠየቅ፥ ያየውን መጻፍና ለጽሑፉ መፍትሔ መፈለግ የሚችል ሰው ብቻ ነበር።

ነገሩን የለወጠው አንድ ንግግር ነው። አብርሃም ፍሌክስነር በ1910 ስለ አሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ባወጣው ጥናት ምክንያት ስሙ በጣም የታወቀ ሰው ነበር፤ ከጥናቱ በኋላ ብዙ ደካማ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። በ1915 በባልቲሞር በተደረገው ጉባኤ ላይ፥ ሶሻል ወርክ ሙያ ነው ወይ በሚል ርእስ እንዲናገር ተጋበዘ። እርሱም አንድ ሥራ ሙያ ለመባል ምን ምን ማሟላት እንዳለበት ዘረዘረ። ሥራው በአእምሮ የሚሠራና የራስ ኀላፊነት ያለበት ይሁን፤ ከሳይንስና ከትምህርት የሚመነጭ ይሁን፤ ግቡ የታወቀና ተግባራዊ ይሁን፤ በትምህርት ሊተላለፍ የሚችል የራሱ ዘዴ ይኑረው፤ ሠራተኞቹ የተደራጁ ይሁኑ፤ ለሌላው ጥቅም የሚደረግ ይሁን አለ። ከዚህ በኋላ ሶሻል ወርክን በዚህ ሚዛን መዘነው። በጎነቱን አልካደም። ነገር ግን ሶሻል ወርከሩ የታመመውን ወደ ሐኪም፥ የተበደለውን ወደ ጠበቃ፥ የማይማረውን ልጅ ወደ መምህር የሚያገናኝ አማላጅ እንጂ የራሱ የሆነ ዘዴ የለውም ብሎ ፈረደ። ሽማግሌው የጠየቁኝም በመሠረቱ ይህንኑ ነው። ማዘንና ማማለድ ማንም የሚያውቀው ነገር ከሆነ ምኑ ይጠናል?

በጉባኤው የነበሩት ሰዎች ይህን ፍርድ ሰምተው ዝም አላሉም። ሜሪ ሪችመንድ በ1917 «ሶሻል ዳያግኖሲስ» የተባለውን ታላቅ መጽሐፍ አወጣች፤ የችግረኛውን ሁኔታ በማስረጃ መመርመር ራሱን የቻለ ዘዴ መሆኑን ለማሳየት የደከመችበት ሥራ ነው። በ1919 አሥራ ሰባት ትምህርት ቤቶች ተባብረው ማኅበር አቋቋሙ። የቺካጎው ትምህርት ቤት በ1920 ወደ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ1924 የበላይ ኀላፊ የሆነችው ኢዲት አቦት ከሀል ሐውስ ወገን የነበረች የኢኮኖሚክስ ምሁር ስትሆን፥ ተማሪዎቿ ሕግን፥ ስታቲስቲክስንና የመንግሥት አስተዳደርን እንዲማሩ ታስገድድ ነበር። የዘዴ ትምህርት ብቻውን ሙያ አያደርግም ባይ ናት። በዚህ ከኒው ዮርኮቹ ጋር ብዙ አይስማሙም። ሁለቱም ወገኖች የተስማሙበት ነገር ግን አለ፤ እንደ ሕክምናና እንደ ሕግ ለመከበር ትምህርቱ ከኮሌጅ በላይ መሆን አለበት አሉ። የፍሌክስነር ንግግር ያሳደረው ቍስል እስከዚህ ድረስ ተሰምቷል ለማለት ይቻላል።

በ1937 የትምህርት ቤቶቹ ማኅበር ይህን ሐሳብ በውሳኔ አጸና። ከ1939 ጀምሮ ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ የማያስተምር ትምህርት ቤት በማኅበሩ ዕውቅና እንዳያገኝ ተደረገ። በአራት ዓመት ኮሌጅ ሶሻል ወርክ የተማረ ሰው፥ በማኅበሩ ዓይን፥ ለሙያው የተዘጋጀ እንጂ ሙያውን የያዘ አይደለም።

ውሳኔው የወጣበት ጊዜ ግን እጅግ የማይመች ነበር። ከ1929 በኋላ የመጣው የኢኮኖሚ ውድቀት ሚሊዮኖችን ሥራ አስፈትቶ ነበር። ችግሩ ከበጎ አድራጊዎች ዐቅም በላይ ስለ ሆነ በ1933 የፌዴራሉ መንግሥት የእርዳታ መሥሪያ ቤት አቋቋመ፤ እንዲመራውም የተሾመው ራሱ በኒው ዮርክ ድኾች ሰፈር በሶሻል ወርከርነት የጀመረው ሃሪ ሆፕኪንስ ነው። በ1935 ደግሞ የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት ለችግረኛ አረጋውያን፥ ለዓይነ ስውራንና ረዳት ለሌላቸው ልጆች የሚሰጠው እርዳታ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኘው፥ በስቴቱ ውስጥ ባሉት ካውንቲዎች ሁሉ ከተሠራበት ብቻ ነው። በአሜሪካ ከሦስት ሺሕ በላይ ካውንቲዎች አሉ። ካውንቲ በኛ አገር ወረዳ እንደሚባለው ያለ ነው።

እስቲ ከታላላቅ ከተሞች ርቆ በሚገኝ በእርሻ አገር ያለውን አንድ የካውንቲ መሥሪያ ቤት እናስብ። ለእርዳታ የሚያመለክቱት አረጋውያን በየእርሻው ተበትነው ይኖራሉ። ሠራተኛዋ በአቧራ መንገድ መኪና እየነዳች ወደየቤቱ ትሄዳለች፤ ሽማግሌው ዕድሜውን የሚያረጋግጥ ወረቀት ስለሌለው በቤተ ሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የተጻፈውን የልደት ቀን ትመለከታለች፤ ያለውን መሬትና ከብት ትጽፋለች፤ ባል የሞተባት እናት ልጆቿን ይዛ መኖር የምትችል መሆኗን ታያለች። ማታ ተመልሳ መዝገቡን ትሞላለች። ለዚህ ሥራ የሁለት ዓመት ተጨማሪ ትምህርት በኒው ዮርክ ወይም በቺካጎ የጨረሰ ሰው ከየት ይመጣል? ቢመጣስ በዚያ ደመወዝ ይቀመጣልን? ሥራውን የያዙት ከስቴት ኮሌጆች የወጡ፥ ብዙዎቹም ምንም የሙያ ትምህርት ያላገኙ ሰዎች ነበሩ።

በደቡብና በምዕራብ የሚገኙ የስቴት ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ስለሚያውቁ በ1942 የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ክርክራቸው ቀላልና ግልጽ ነበር። ስቴታችን ሠራተኛ ይፈልጋል፤ የስቴታችን ሕዝብ ግብር ከፍሎ ኮሌጅ አቁሞልናል፤ ልጆቹን በአራት ዓመት አስተምረን ወደ ካውንቲው እንልካለን አሉ። የቀድሞው ማኅበር በበኩሉ፥ ይህ ሙያውን ማርከስ ነው ሲል መለሰ። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች እውነት ይዘዋል፤ ነገር ግን አንደኛው ወገን ስለ ሙያው ክብር ሲናገር ሌላው ስለ ሥራው ይናገር ስለ ነበር ቃላቸው አይገናኝም። በተጨማሪም የስቴት ኮሌጆቹ ድክመት አልነበረባቸውም ማለት አይቻልም፤ በአንዳንዶቹ ሶሻል ወርክ የሚባለው ትምህርት ከሶሲዮሎጂ ክፍል ጎን የተለጠፈ ሁለት ሦስት ኮርስ ብቻ ነበር።

የሁለት ማኅበሮች መኖር ሁሉንም ስላሰለቸ ጥናት ታዘዘ። ኧርነስት ሆሊስና አሊስ ቴይለር በ1951 ያወጡት ጥናት ለድኅረ ምረቃው ወገን አደላ፤ የኮሌጁ አራት ዓመት ሰፊ የጠቅላላ ዕውቀት መሠረት ይስጥ፥ ሙያው ከዚያ በላይ ይሁን አለ። በ1952 ሁለቱ ማኅበሮች ፈርሰው የሶሻል ወርክ ትምህርት ምክር ቤት ተቋቋመ። የመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጡ ኮሌጆች ወደ ምክር ቤቱ ቢገቡም ትምህርታቸው የሙያ ዕውቅና አላገኘም። እንግዳ ሆነው ተጋብዘው ማዕድ ላይ እንዳልተቀመጡ ያህል ነው። በ1959 በቨርነር ቤም መሪነት የተዘጋጀው አሥራ ሦስት ቅጽ ያለው የሥርዓተ ትምህርት ጥናት፥ የሙያው ትምህርት ከኮሌጅ ቢጀመር ይሻላል ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ ሐሳቡ ግን በዚያን ጊዜ ተቀባይነት አላገኘም።

በመጨረሻ ያሸነፈው ክርክሩ ሳይሆን የሠራተኛው እጥረት ነው። በ1960ዎቹ የመንግሥት የማኅበራዊ አገልግሎት ሥራ እየሰፋ ሲሄድ የማስተርስ ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ለሥራው እንደማይበቁ በመንግሥት ጥናት በ1965 ታወቀ። በ1970 የሶሻል ወርከሮች ብሔራዊ ማኅበር በመጀመሪያ ዲግሪ የተመረቁትን በሙሉ አባልነት መቀበል ጀመረ። በ1974 ደግሞ የትምህርት ምክር ቤቱ ለመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ዕውቅና መስጠት ጀመረ። ከ1939 እስከ 1974 ብንቈጥር ሠላሳ አምስት ዓመት ይሆናል። በዚህ ሁሉ ጊዜ በየካውንቲው የሠሩት ሰዎች በሕዝቡ ዘንድ ሶሻል ወርከር ሲባሉ፥ በሙያው ዘንድ ግን ስም አልነበራቸውም።

ወደ አፍሪካ ስንመለስ ነገሩ በሌላ መልክ ይታያል። በዚህ ክፍለ ዓለም ብዙውን ጊዜ የተጀመረው ከዲግሪ በታች ባለ ትምህርት ነው። በ1941 በጆሐንስበርግ ለጥቁሮች የተከፈተው የያን ሆፍማየር ትምህርት ቤት የሦስት ዓመት ዲፕሎማ ይሰጥ ነበር። ከዚያ ከወጡት አንዷ ዊኒ ማዲኪዜላ፥ በኋላ የማንዴላ ባለቤት፥ በባራግዋናት ሆስፒታል የመጀመሪያዋ ጥቁር የሕክምና ሶሻል ወርከር ሆናለች። የዚምባብዌው ጆሽዋ ንኮሞም የዚሁ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር፤ በምድር ባቡር መሥሪያ ቤት በሶሻል ወርከርነት እየሠራ ቆይቶ የመጀመሪያ ዲግሪውን በተልእኮ ትምህርት ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ሥራው ቀድሞ ዲግሪው ተከተለ ማለት ነው።

በአዲስ አበባም የሆነው ከዚህ ብዙ አይለይም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ትምህርት የጀመረ ሲሆን፥ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1959 ነው። በ1961 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት በውስጡ ተጠቃለለ። መጀመሪያ የሚሰጠው ዲፕሎማ ነበር፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ የአራት ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ ሆነ። በዚያ ዘመን በአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ ገና ዕውቅና ያላገኘ መሆኑን ስናስታውስ፥ በአዲስ አበባ ይህን ዲግሪ ለመስጠት መወሰኑ ቀላል ነገር አይደለም። ለኛ አገር የካውንቲዎቹ ክርክር የባሰ እውነት ነበረና ነው። ከዚህም ሌላ ዩኒቨርሲቲው ከ1964 ጀምሮ ማንኛውም ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ ሄዶ እንዲያገለግል ደንብ አውጥቶ ነበር። ይህ ደንብ ለሁሉም ተማሪ የወጣ ቢሆንም ከኛ ትምህርት ጠባይ ጋር የሚስማማውን ያህል ከሌላው ጋር የሚስማማ አይመስለኝም።

ከዚህ ላይ አንድ የዘመን መገጣጠም አለ። 1974 በአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ ዕውቅና ያገኘበት ዓመት ነው፤ በኢትዮጵያ ደግሞ አብዮት የፈነዳበት ዓመት ነው። ከአብዮቱ በኋላ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት ራሱን ችሎ መቆሙ ቀርቶ ከሶሲዮሎጂ ትምህርት ጋር ተቀላቀለ፤ ስሙም ጠፋ። እዚያ ዲግሪው ስም ሲያገኝ እዚህ ስም ያለው ዲግሪ ቀረ። ሥርዓቱ ችግር የሚወገደው በአብዮት ነው ብሎ ያምን ስለ ነበር፥ ቤት ለቤት እየሄደ የአንድን ቤተ ሰብ ጉዳይ የሚመረምር ባለሙያ ብዙም የሚያስፈልገው አልመሰለውም ይሆናል።

ሥራው ግን ስሙ ስለ ጠፋ አልቀረም። በ1984 እና በ1985 ታላቁ ረኃብ ደረሰ፤ የጦርነት ተፈናቃዮች መጡ፤ በኋላም በኤይድስ ምክንያት ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች በዙ። በሶሲዮሎጂና በሥነ ልቡና የተመረቁ ሰዎች፥ ነርሶች፥ ካህናት፥ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች እንደየዐቅማቸው ሠሩ። ለቀብር የተቋቋመው ዕድርም ድንኳኑንና ወንበሩን ከማከራየትና ከማዋስ አልፎ በአንዳንድ ሰፈር የሞተውን ጎረቤት ልጆች ማሳደጊያ ጉዳይ መነጋገሪያ ሆነ። ዕድርተኛው የሰፈሩን ቤት ሁሉ ያውቃል፤ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፥ የትኛዋ አክስት ልጅ ልትቀበል እንደምትችል ያውቃል። ይህ የበፋሎ ጎብኚዎች በመዝገብ ሊደርሱበት የደከሙበት ዕውቀት ነው። በትምህርት ክፍላችን ስለ ዕድር የሚሰጠው ጊዜ ስለ ሜሪ ሪችመንድ ከሚሰጠው ያነሰ መሆኑን ብናገር መምህሮቼ አይቀየሙኝም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ትምህርት ቤቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደ ገና የተከፈተው በ2004 ነው። ከረዱት ዋነኛው በቺካጎ ከሚገኘው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በጄን አዳምስ ስም የሚጠራው የሶሻል ወርክ ኮሌጅ ነበር፤ ያ ዩኒቨርሲቲ ሀል ሐውስን ዛሬ በሙዚየምነት የሚጠብቅ ነው። አከፋፈቱ ግን ከ1959ኙ የተለየ ነው። በመጀመሪያ የተጀመረው የማስተርስ ዲግሪ ነው፤ በ2006 የዶክትሬት ትምህርት ተከተለ፤ የመጀመሪያ ዲግሪ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ፥ በጎንደር፥ በጅማና በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል። ይህን መጀመሪያ ስሰማ ቤትን ከጣራው መጀመር መስሎኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያህል ተቋርጦ የቆየን ሙያ ማን ያስተምረዋል ብሎ ለሚያስብ ሰው ግን ሌላ መንገድ አልነበረም፤ መምህራኑ አስቀድመው መማር ነበረባቸው። ቢሆንም የማስተርስ ዲግሪ የያዘ ሰው በወረዳ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ባለጕዳይ ሲያነጋግር ማየት ብርቅ ነው። ወደዚያ ጠረጴዛ የምንሄደው እኛ ነን።

አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካኖቹ ክርክሩን ሲጨርሱ የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ዲግሪ የለዩት በመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ በመስክ ልምምድ ሰዓትም ነው። ምክር ቤቱ ዛሬ ለመጀመሪያ ዲግሪ ቢያንስ 400፥ ለማስተርስ 900 ሰዓት ልምምድ ይጠይቃል። ልምምድ ማለት በተቆጣጣሪ ሥር ሆኖ ከእውነተኛ ባለጕዳይ ጋር መሥራት ነው።

እኔ ልምምዴን በጀመርሁበት መሥሪያ ቤት በሁለተኛው ሳምንት አንዲት እናት መጡ። የሟች እኅታቸውን ሁለት ልጆች የሚያሳድጉ፥ ልብስ በማጠብ የሚተዳደሩ ናቸው። ልጆቹን ትምህርት ቤት ለማስገባት ደብተርና የደንብ ልብስ ቸግሯቸዋል። ታሪካቸውን ሲነግሩኝ ልቤ ስለ ተነካ፥ «አይዞዎት እናቴ፥ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሱ፥ ይሰጥዎታል» አልኋቸው። የዚያ ዓመት ገንዘብ ማለቁንና የተረጂዎቹ ስም በኮሚቴ የሚወሰን መሆኑን አላወቅሁም፤ አልጠየቅሁምም። እናትዮዋ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፤ በእያንዳንዱ ጊዜ የአንድ ቀን የእጥበት ገንዘብ ቀረባቸው። በሦስተኛው ቀን «ግድ የለም ልጄ፥ አንተ ምን ታደርግ» ብለውኝ ሄዱ።

ተቆጣጣሪዬ የጻፍሁትን መዝገብ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፌ ነበር። አንብበው ሲጨርሱ፥ ሴትዮዋ በቀን ስንት እንደሚያገኙ፥ የልጆቹ አባት ዘመዶች የት እንዳሉ፥ የእኅታቸው ዕድር ገንዘብ ከፍሎ እንደ ሆነ፥ ትምህርት ቤቱ ያለ ደንብ ልብስ ይቀበል እንደ ሆነ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። አንዱንም አልመለስሁም። «ሁለቱ ገጽ ስለ አንተ ኀዘን ነው፤ ስለ እርሳቸው የተጻፈው የት አለ?» አሉኝ። ከዚያም ወደ ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ እንድጠይቅ፥ መሥሪያ ቤቱ የማይችለውን በግልጽ እንድነግራቸው፥ የቀረውንም ጠይቄ እንድጽፍ አዘዙኝ። በማግሥቱ አዲስ ወረቀት ይዤ ሄድሁ። የእኅታቸው ዕድር ያልተከፈለ ገንዘብ ነበረው።